በበጋም የማይሸት የዝናብ ውሃ ማንሆል አሠራር

ክረምት ላይ ስለ ሽታ የሚደውልልኝ ሰው የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም የጅማ ዝናብ ሁሉን አጥቦ ይወስደዋል። ስልኬ መጮህ የሚጀምረው ታኅሣሥ ሲገባ ነው። ጥያቄው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «የግቢያችን የዝናብ ውሃ ማንሆል ይሸታል። ክዳኑን በሲሚንቶ አሸግነው፤ አሁንም ይሸታል። ምን ይሻላል?»

ሽታን የሚያግደው ክዳን አይደለም፤ ውሃ ነው። ክዳኑን ስታሽጉት ሽታው ሌላ መውጫ ይፈልጋል። በአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ በመኝታ ቤት መስኮት ይገባላችኋል። ማንሆሉ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ውሃ ካለ፣ መውጫ ቱቦውም አፉን እዚያ ውሃ ውስጥ ከነከረ ግን ክዳኑ ወንፊት እንኳ ቢሆን የዲች (የመንገድ ዳር ቦይ) ሽታ አይገባም። እጅ መታጠቢያ ስር ያለው ሲፎን (ውሃ ይዞ የሚቀረው ጎባጣ ቱቦ) የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እኛም የምንሠራው ተለቅ ያለ ሲፎን ነው።

ብዙ ሰው ማንሆሉን የሚለካው ለዝናቡ ነው። ሐምሌ ላይ አይሞላም፣ አያፈስም፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጥር ላይ ግን ውስጡ ይደርቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ልኬቶች ግማሾቹ ለክረምት፣ ግማሾቹ ለበጋ ናቸው። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ በየቦታው እናገራለሁ።

ሽታው ከየት ይመጣል?

የብዙዎቻችን ግቢ የዝናብ መስመር የሚያበቃው መንገድ ዳር ባለ ዲች ውስጥ ነው። ዲቹ ውስጥ ደግሞ የሚሄደው ዝናብ ብቻ አይደለም። የልብስ እጣቢ፣ የዕቃ እጣቢ፣ አንዳንዴም ከሴፕቲክ ታንክ ሞልቶ የፈሰሰ ይገባበታል። በክረምት ይህ ሁሉ ቀጥኖ ይሄዳል። በበጋ ባለበት ይቆማል። ደለሉ ስር አየር ሲያጣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይፈጠራል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ጋዙ በባዶው ቱቦ ወደ ግቢያችሁ ይመለሳል።

ማንሆሉ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠልም ይሸታል። ሁለቱን አታምታቱ። የቅጠሉ ሽታ ጠርጋችሁ ስታወጡት ይጠፋል። ከዲች የሚመጣውን ግን ጽዳት አይነካውም።

ከመቆፈራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

ማንሆል ያላችሁ ሰዎች ዶማ ከማንሣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈትሹ። ወጪው ውሃና አንድ ፌስታል ነው።

መጀመሪያ ማንሆሉን ከፍታችሁ ትንሽ ይናፈስ። ከዚያ ውሃ ጨምሩ፤ በመውጫው ቱቦ መፍሰስ ሲጀምር አቁሙ። በማግስቱ ሽታው ከጠፋ፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ከተመለሰ፣ ሲፎኑ አለ፤ ግን ይደርቃል ወይም ያንጠባጥባል። አዲስ መሥራት አያስፈልጋችሁም፤ ደረጃ 8ን እና የበጋ እንክብካቤውን አንብቡ። ምንም ለውጥ ከሌለ ሲፎን የለውም፣ ወይም ጋዙ በሌላ ቀዳዳ እያለፈ ነው።

ከዚያ ፌስታሉን ላላ አድርጋችሁ መውጫ ቱቦው አፍ ላይ አልብሱት። ደረቅ ቱቦ ይተነፍሳል። ፌስታሉ ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ይረግባል፣ ደግሞ ይነፋል። ያን ያየ ሰው ስለ ሽታው ሌላ ማስረጃ አይጠይቀኝም። በክብሪት ወይም በሻማ ግን አትፈትሹ። ከቆሻሻ የሚወጣው ጋዝ ውስጥ ሜቴንም አለ፤ ይቀጣጠላል።

ልኬቱን እንዴት እናውጣ?

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። የቱቦውን ውፍረት የሚወስነው ግን የዓመቱ ድምር ሳይሆን የአንድ ኃይለኛ ዶፍ ጉልበት ነው። እኔ ለጥንቃቄ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር ብዬ እይዛለሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 80 ካሬ፣ ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ የለበሰው ግቢ 120 ካሬ ቢሆን ድምሩ 200 ካሬ ነው። በ100 ስታባዙት በሰዓት 20,000 ሊትር ይመጣል። በሴኮንድ 5.5 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ሣርና ጓሮ ብዙውን ይመጥጠዋል፤ እዚህ ውስጥ አላስገባውም።

ባለ 110 (ውፍረቱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ) ፒቪሲ ቱቦ በሜትር 1 ሳንቲም ሲያዘቀዝቅ ሙሉ ሆኖ በሴኮንድ ወደ 6 ሊትር ያሳልፋል። ለጥቂት ነው የሚበቃው። ባለ 160 በዚሁ ተዳፋት ከ15 ሊትር በላይ ያሳልፋል። ስለዚህ ለመውጫው 160 ግዙ። ሌላም ምክንያት አለው፦ ቱቦ አፉ ድረስ ሞልቶ ሲሄድ ከኋላው ያለውን ውሃ ይስባል፤ ሲፎናችሁን መጦ ሊያደርቀው ይችላል። ከውሃው በላይ አየር የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ካለ አይመጥም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይህ ለአንድ ማንሆል ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 60 በ60፣ የውስጥ ቁመቱ 80 ሳ.ሜ ገደማ።

- ብሎኬት፣ ባለ 15፦ 33 (30 ይበቃል፤ 3ቱ ለሚሰበረው)
- ሲሚንቶ፦ 3 ከረጢት፣ ባለ 50 ኪሎ
- አሸዋ፦ ወደ 0.3 ሜትር ኩብ
- ጠጠር፦ ወደ 0.4 ሜትር ኩብ
- ፌሮ ባለ 8፦ 12 ሜትር ገደማ፤ ትራፊ ካላችሁ እሱው ይሆናል
- ባለ 160 ፒቪሲ ቱቦ፦ ከማንሆሉ እስከ ዲቹ ያለው ርቀት እና ለሲፎኑ እግር ግማሽ ሜትር
- ባለ 160 ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ)፦ አንድ
- ባለ 160 ባለ ጥርስ ክዳን (እየተፈታ የሚገጠመው)፦ አንድ
- ባለ 110 ቱቦና ጎሚቶ (የታጠፈ መገጣጠሚያ)፦ ከአሸንዳና ከግቢ ለሚመጣው ውሃ
- የፒቪሲ ሙጫ፣ ብርጭቆ ወረቀት
- ውሃ የማያሳልፍ ከሲሚንቶ ጋር የሚደባለቅ ኬሚካል፤ ብዛቱን ጣሳው ላይ አንብቡ
- ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ባለ መስታወት ቀለም (የሚያሳይ) ቀጭን የላስቲክ ቱቦ
- ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት፣ የትንኝ መረብ ዓይነት

አሠራሩ

1. ቦታውን ምረጡ። ማንሆሉ የግቢው የመጨረሻ ይሁን፤ ሁሉም የዝናብ መስመሮች ተሰብስበው እሱ ውስጥ ገብተው ከሱ ወደ ዲች ይውጡ። አንድ ሲፎን ለግቢው ሁሉ ይበቃል። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሲፎን አታድርጉ። በመሃላቸው አየር ይታሰርና ውሃው እየተንተፋተፈ ይቀራል። መኪና የሚያልፍበት ቦታ ባይሆን ይመረጣል፤ ከሆነ ክዳኑ ይወፍራል። የዲቹን ጠርዝ ከመንካታችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ወይም ቀበሌ ጠይቁ።

2. ከፍታውን ለኩ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። በላስቲክ ቱቦው ውሃ ሙሉና የማንሆሉን ቦታና የዲቹን ጠርዝ አስተያዩ፤ ሁለቱ ጫፍ ላይ ውሃው እኩል የሚቆምበት ነጥብ እኩል ከፍታ ነው። የማንሆሉ መውጫ ቱቦ ታችኛው ከንፈር ከመሬት 45 ሳ.ሜ ገደማ ይወርዳል። ዲቹ 12 ሜትር ቢርቅ በሜትር 1 ሳ.ሜ ሒሳብ 12 ይጨመራል። ጫፉ ከዲቹ ወለል 10 ሳ.ሜ ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ደለል ይደፍነዋል። ሲደመር ዲቹ ወደ 70 ሳ.ሜ መጥለቅ አለበት። ካልጠለቀ መውጫውን ወደ ላይ አምጡት፤ ከቱቦው በታች ያለውን 40 ሳ.ሜ ግን አትቀንሱ። እሱ የበጋችሁ ስንቅ ነው።

3. ቆፍሩ። 120 በ120፣ ጥልቀቱ 105 ሳ.ሜ። ጥር ወይም የካቲት ተመራጭ ነው። እዚህ ጅማ ቂጦ አካባቢና አዌቱ ወንዝ ዳር ያሉ ዝቅ ያሉ ሰፈሮች ክረምት ላይ ከአንድ ሜትር ሳትዘልቁ ውሃ ሊያፈልቁባችሁ ይችላሉ፤ ሲሚንቶ ውሃ ውስጥ እየዋኘ አይጠነክርም። ወደ ጅረን ኮረብታ አቅጣጫ ያለው ቀይ አፈር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጥቁሩ መረሬ ግን ይናዳል፤ ግድግዳውን ወደ ውጭ አዘንብሉት።

4. ወለሉን አንጥፉ። 10 ሳ.ሜ ጠጠር፣ በደንብ ተረግጦ። በላዩ 10 ሳ.ሜ ኮንክሪት፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ጠጠሩ ያን እንቅስቃሴ ያለዝበዋል። ወለሉ ከተሰነጠቀ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

5. ሁለት ረድፍ ብሎኬት ደርድሩ፤ ቀዳዳዎቹን በኮንክሪት ሙሉ። ክፍት የብሎኬት ሆድ ውሃ ይጠጣል፤ ልስኑ ትንሽ ሲሰነጠቅ ማንሆሉ በዚያ በኩል ይደርቃል። ሁለተኛው ረድፍ ሲያልቅ ከወለሉ 40 ሳ.ሜ ገደማ ላይ ናችሁ። መውጫ ቱቦው እዚያ ላይ ይቀመጣል። ሜትር ማውጣት እንኳ አያስፈልግም።

6. ቱቦዎቹን ግጠሙ። ባለ 160 ቱቦ በግድግዳው አልፎ ወደ ውስጥ 10 ሳ.ሜ ይውጣ። ፒቪሲ ለስላሳ ነው፤ ሲሚንቶ አይዘውም። በግድግዳው የሚያልፈውን ክፍል በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፣ ሙጫ ቀቡት፣ ሙጫው ሳይደርቅ ደረቅ አሸዋ ነስንሱበት። ሲደርቅ እንደ ጡብ ሻካራ ይሆናል፤ ሲሚንቶው ይነክሰዋል። ገቢዎቹ ባለ 110 ቱቦዎች ከመውጫው ታችኛው ከንፈር 5 ሳ.ሜ ከፍ ብለው ይግቡ፤ እኩል ከሆኑ የቆመው ውሃ ወደነሱ ተመልሶ ደለል ያስቀምጥባቸዋል። ከዚያ ሦስተኛውንና አራተኛውን ረድፍ ጨርሱ።

7. ሲፎኑን ሥሩ። የሥራው ልብ ይህ ስለሆነ ቀስ እንበል።

ቲውን አቁሙት። ጎኑ (መሃሉ ላይ ያለው አፍ) ከግድግዳው ወደወጣው ቱቦ ይገባል። አንዱ አፍ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ያያል። የታችኛው አፍ ላይ የተቆረጠ ቱቦ ጨምሩለት፤ ይህ «እግሩ» ነው። የላይኛው በባለ ጥርሱ ክዳን ይዘጋል።

እግሩ ስንት ይርዘም? ማንሆሉ ውስጥ ውሃው የሚቆመው በመውጫ ቱቦው ታችኛ ከንፈር ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ይፈሳል። ከዚያ መስመር ወደ ታች 10 ሳ.ሜ ለኩና እግሩን እዚያ ቁረጡት። ቤት ውስጥ ሲፎን 5 ሳ.ሜ ይበቃዋል፤ በየቀኑ ውሃ ያገኛላ። የኛ ሰውዬ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ጠብ ላይልለት ይችላል። ትርፉ 5 ሳ.ሜ የበጋ ነው።

ከእግሩ አፍ እስከ ወለሉ 30 ሳ.ሜ ይቀራል። ግማሹ ውሃው እንዳይታነቅ፣ ግማሹ ደለል እንዲጠራቀምበት ነው። «ውሃ በደንብ እንዲይዝ» ብሎ እግሩን ወለሉ ድረስ የሚያወርድ ሰው አለ። አንድ ክረምት ሳያልፍ ደለሉ አፉን ይደፍነዋል።

ቲው ከቱቦው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ዙሪያውን በደንብ አጣብቁ። የመጋጠሚያው የላይኛው ግማሽ ከውሃ በላይ ነው፤ እዚያ ቀዳዳ ከቀረ ጋዙ ውሃውን አልፎ ሳይሆን ዞሮ ይመጣል።

የላይኛው ክዳን ነገር በራሴ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያውን ማንሆል ለራሴ ግቢ ስሠራ ክዳን አላደረግኩለትም፤ «ሲዘጋ በዚህ ሽቦ እሰዳለሁ» ብዬ ክፍት ተውኩት። ውሃው ሞልቷል፣ እግሩ ተነክሯል፣ ግቢው ግን ይሸታል። የውጩን ክዳን ሁለት ጊዜ አሸግኩ። በሳምንቱ ባለቤቴ አጎንብሳ አየችና «ይኼ ወደ ላይ ያፈጠጠውስ ምንድነው?» አለች። ፌስታል አለበስነው። ተነፋ። ጋዙ እግሩን ምን አስጨነቀው፤ አናቱ ክፍት ነው። ለጽዳት የሚከፈት ክዳን አድርጉ፤ ከጽዳት ውጪ ግን ተዘግቶ ይዋል።

8. ልሰኑና በውሃ ፈትኑ። ውስጡን አንድ ለሦስት በሆነ ልስን፣ ውሃ የማያሳልፈውን ኬሚካል ጨምራችሁ፣ 2 ሳ.ሜ አልብሱ። ወለሉንም ጭምር። ማዕዘኖቹን በጠርሙስ ቂጥ አሽታችሁ አክብቧቸው፤ ልስን የሚሰነጠቀው ሹል ማዕዘን ላይ ነው። እርጥብ ማዳበሪያ ከረጢት አልብሳችሁ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ካልጠጣ ይሰነጠቃል።

በሰባተኛው ቀን በመውጫው እስኪፈስ ሙሉት፤ ወደ 144 ሊትር ይይዛል። የመጀመሪያውን ቀን አትቁጠሩ፣ ግድግዳው ራሱ ይጠጣል። በማግስቱ ሙሉት፤ ውሃው የቆመበት ላይ በእርሳስ አስምሩ፤ ክዳን ነገር ጣል አድርጉበትና 24 ሰዓት ጠብቁ። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢወርድ ትነት ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ ያፈሳል። ቱቦው በግድግዳው የሚያልፍበትን መጀመሪያ ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

9. አፈሩን መልሱ። ከፈተናው በኋላ ብቻ! ከውጭ የሚያረጥበው ቦታ ፍሳሹ የት እንዳለ ይነግራችኋል፤ አፈር ከለበሰ ምንም አታዩም። በየ20 ሳ.ሜ እየረገጣችሁ መልሱ። መረሬ ከሆነ ግድግዳው አጠገብ ያለውን በጠጠር ሙሉት። ወደ ዲቹ የሚሄደው ቱቦ ስርም ድንጋይ እንዳይቀር፤ አሸዋ አንጥፉለት።

10. ክዳኑን አፍሱ። 75 በ75፣ ውፍረቱ 7 ሳ.ሜ፣ ባለ 8 ፌሮ በየ15 ሳ.ሜ ሁለቱም አቅጣጫ። አንድ ወጥ አታድርጉት። ወደ 94 ኪሎ ስለሚመዝን ማንም አይከፍተውም፤ ያልተከፈተ ማንሆል ደግሞ አይጸዳም። ለሁለት ከፍላችሁ አፍሱት፤ እያንዳንዱ 47 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ሁለት ሰው በእጀታው ያነሣዋል። መኪና የሚያልፍበት ከሆነ 15 ሳ.ሜ ውፍረትና ባለ 12 ፌሮ ያስፈልጋል፤ ክብደቱም ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን አነሣሡን አስቀድማችሁ አስቡበት።

11. ትንኝን አስቡ። የቆመ ውሃ ሠርታችኋል፤ ትንኝም ቤት ሠራችሁልኝ ይላል። ከዕንቁላል እስከ መብረር ሙቀቱ ካገዘው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። የግቢው ውሃ የሚገባባቸው ፍርግርጎች ስር ወንፊቱን አስገቡ። በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት ወር፣ አንድ የቡና ስኒ የምግብ ዘይት ውሃው ላይ ጠብ አድርጉ። ስስ ሆኖ ይለብሰዋል። የትንኙ እጭ መተንፈሻ ያጣል፤ ትነቱም ይቀንሳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን በፍጹም! ዝናብ ሲመጣ ሄዶ ሄዶ ወንዝ ይገባል።

ማስጠንቀቂያ

አሮጌ፣ ተዘግቶ የቆየ ማንሆል ወይም ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ አትግቡ። ጭንቅላታችሁንም አታስገቡ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ትንሽ ሲሆን ይሸታል፤ ሲበዛ የማሽተት አቅማችሁን ይገድለዋል። «ሽታው ጠፋ» ያላችሁበት ደቂቃ የመጨረሻችሁ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ወድቆ ብታዩ ተከትላችሁ አትውረዱ። እርዳታ ጥሩ፣ ከላይ ሆናችሁ በገመድ ሞክሩ። ለጽዳት ረጅም እጀታ ያለው ማውጫ ተጠቀሙ።

ይህ ሲፎን የሽንት ቤት መስመርን ከዝናብ መስመር ጋር ለማገናኘት ፈቃድ አይደለም። የዝናብ ውሃንም ወደ ሴፕቲክ ታንክ አትልቀቁ፤ በአንድ ዶፍ ሞልቶ የሚወጣው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ አይደር። ሕፃናት አሉ፣ ምሽት ላይ የሚገባ እንግዳም አለ። ቆርቆሮ ጣል ማድረግ መሸፈን አይባልም፤ ጣውላና ድንጋይ አድርጉበት።

ዲቹ በጎርፍ ሞልቶ ወደ ግቢ የሚመለስ ከሆነ ሲፎኑ አያድናችሁም። እሱ አየርን እንጂ ጎርፍን አያግድም። ለዚያ የቱቦው ጫፍ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ያስፈልጋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በቲ ፋንታ ጎሚቶ ወደ ታች ደፍቶ መተው። ሽታውን ያግዳል፤ ግን ሲደፈን ሽቦ የምትሰዱበት አናት የለውም። ግድግዳ ታፈርሳላችሁ።

እግሩን 3 ሳ.ሜ ብቻ መንከር። መስከረም ላይ ድንቅ ይሠራል፤ የገና በዓል ሲደርስ ይሸታል።

የልብስና የዕቃ እጣቢ ወደዚህ ማንሆል መልቀቅ። «ውሃ ያገኝ የለ እንዴ፣ አይደርቅም!» ይሉኛል። አዎ አይደርቅም። ቅባቱና ሳሙናው ግን እዚያው ይበሰብሳል፤ ሽታው አሁን ከዲች ሳይሆን ከራሳችሁ ነው።

የቡና አተላ። ከቡና በኋላ ጀበናውን አጥቦ ግቢው ፍርግርግ ላይ መድፋት የሁላችንም ልማድ ነው። አተላው ከባድ ነው፤ ሄዶ ወለሉ ላይ እንደ ጭቃ ይጋገራል። አንድ ጊዜ ከአንድ ማንሆል አራት ባልዲ አወጣሁ፤ ሦስቱ ባልዲ የቡና አተላ ነበር። ከችግኝ ስር ድፉት። የጫት ገረባም እንዲሁ፤ እሱ ደግሞ እግሩ አፍ ላይ እየተጠላለፈ ቅጠሉን ይይዛል።

ክዳኑን በሲሚንቶ ማሸግ። ከላይ ተናግሬያለሁ፤ አሁንም ታሽጋላችሁ።

የበጋ እንክብካቤ

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ፣ ደለሉን አውጡ። ዱላ አስገብታችሁ ወለሉን ንኩ፤ ደለሉ 15 ሳ.ሜ ከደረሰ ጊዜው ነው። አቮካዶ ወይም ማንጎ ግቢ ውስጥ ካለ መስከረም ላይም ድገሙት።

ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲያቆም ክዳኑን ክፈቱ፤ ውሃው መስመሩ ላይ መሆኑን እዩ፤ ዘይቷን ጠብ አድርጉ። ከዚያ እስከ የካቲት በወር አንዴ ክፈቱና ሙሉት። ሲፎኑ ሙሉ በሙሉ ቢደርቅ እንኳ መልሶ ለመሙላት 36 ሊትር ነው የሚፈልገው፤ ባለ 20 ጄሪካን ሁለት አይሞላም። የመጠጥ ውሃ አታባክኑ። ልብስ ስታጥቡ ለመጨረሻ ጊዜ የለቀለቃችሁበት፣ ሳሙናው የለቀቀው ንጹሕ ውሃ ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አንድ ባልዲ እንኳ አይወስድም።